ከመዶሻው ሥር የሚጻፈው ቃል

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መዶሻው መኪናዬ ውስጥ ብዙ ወራት ከረመ። ግሮሰሪ ገዝቼ ስመለስ በመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ከሽንኩርቱና ከዘይቱ ጋር ይንከባለላል። ቻምበርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ድንገት ሲይዘኝ ተንሸራቶ መጥቶ የወንበሩን ጀርባ ይመታል። ልጄ ወይ ቤት አስገቢው ወይ ለሚፈልገው ስጪው እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። ቦታው የታወቀ ስለሆነ የትም አላስገባሁትም። ዴንቨር ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ፣ ከደረጃው ግድግዳ ላይ መሰቀል ነበረበት። እንዳይሰቀል ያደረጉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የእኛዎቹና የእነሱዎቹ። ሁለቱንም እንቃለሁ። ስለ ሁለቱም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

ባለቤቴ ቀጥቃጭ ነበር። አባቱም፣ አያቱም እንደዚያው። በእኛ አገር ይህን ቃል የሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማረሻውን፣ ቢላውን፣ የበሩን ማጠፊያ ከእነሱ እጅ ገዝተን፣ እነሱ በመንገድ ሲያልፉ ልጆቻችንን ከነጠላችን ሥር የምንደብቅ ሰዎች ነን። ዓይናቸው ይበላል እንላለን። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፣ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እሱን ላገባ ነው ስል ወንድሞቼ ሰርጌ ላይ አልመጡም። አንደኛው፣ አሜሪካ ከገባን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከቨርጂኒያ ደውሎ ባልሽ እዚያስ ምን እየሠራ ነው ብሎ ጠየቀኝ። «ያንኑ» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። አልተቋረጠም።

ቀን ቀን አንድ የአጥር ኩባንያ ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር። ብየዳን አይወድም፤ ማጣበቅ ነው ይላል። የራሱን ሥራ የሚሠራው ከኮልፋክስ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በስተጀርባ በተከራየው ግቢ ነው። ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ከአንድ የከብት እርባታ ሐራጅ ገዝቶ በሰው መኪና አስጭኖ አመጣው። ወናፉ የእኔ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ነበር፤ አፉ ላይ የቆርቆሮ ቱቦ ቀጥሎለት ከከሰሉ ሥር ቀበረው። ሐሺሽ መሸጥ የተፈቀደ ጊዜ አጠገቡ አረንጓዴ መስቀል ያለው ሱቅ ተከፈተና ግቢው በሁለት ዓይነት ጭስ ታጠነ። «ደንበኞቻችን ተሳሳቱ፤ የእነሱ እኔ ጋ እየመጡ ምን አለህ ይሉኛል» ብሎ ሲስቅ አስታውሳለሁ።

የእኛ ሰዎች ሥራውን በደንብ ያውቁ ነበር። የበር ማጠፊያ ሲሰበርባቸው ወይ የቤታቸው ደረጃ መደገፊያ ሲነቃነቅ ይደውላሉ። መጥቶ ይሠራላቸዋል፣ ያመሰግኑታል፣ ምሳ ግን አያስቀምጡትም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት የታቀፈቻትን ሕፃን አይቶ፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ ናት አለ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ልጅቷን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ትከሻዋ፣ እሱ ከማያያት በኩል አዛወረቻት። አይቷታል። ከዚያ በኋላ የሰው ልጅ አመስግኖ አያውቅም።

የእጅ ባለሙያዎቹን ማኅበር ያገኘው በአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ግንበኛ በኩል ነው። ሰውየው መሮውን ሊያስጠነክር ወደ ግቢው መጥቶ፣ ብረቱ ከእሳት ሲወጣ የሚይዘውን ቀለም ቆሞ ሲያይ ዋለ። በሳምንቱ ተመልሶ ና የማሳይህ ቤት አለኝ አለው።

ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ከተማዋን የገነቡት ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ግንበኞች፣ አናጺዎችና ቀጥቃጮች ናቸው ያቆሙት። ከሥራ ሲወጡ መጽሐፍ ወዳለበት ቦታ ቢሄዱ እጃችሁ ቆሻሻ ነው እየተባሉ ከበር ስለሚመለሱ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ምድር ቤቱን ለሙዚቃ፣ ለቲያትርና ለንግግር አደረጉት፤ ላይኛውን ፎቅ ለመጻሕፍት። መግቢያው ላይ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ተከሉ። ታጥበህ ትወጣለህ፣ ታነባለህ። የባለሙያ ልጆችን ትምህርት ቤት እየላኩ ያስተምሩም ነበር። አባል የሚሆነው በገዛ እጁ ሥራ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። አለቃ፣ ኮንትራክተር፣ ኢንጂነር አይገባም፤ እነዚህ ስለዘረፏቸው አይገቡም ብለው በደንባቸው ጽፈውታል። የሚገባ ሰው በእጁ የሠራውን አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ዕቃው እዚያው ይቀራል። ሲሞት ደግሞ ከመሣሪያዎቹ አንዱ በደረጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀልለታል። ከሥሩ የሚጻፈው ሙያው ብቻ ነው። ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቆርቆሮ ሠሪ እየተባለ እስከ ላይ ድረስ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን አይቶ ሲመጣ እራት አልበላም።

«ስም የለም እኮ» አለኝ። «ሥራው ብቻ። ሰው ሁሉ እያነበበው ነው የሚወጣው።»

ምን እንደፈለገ ገባኝ። በአገሩ በሹክሹክታ የሚጠራው ሥራው እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲጻፍና ሰው ሁሉ እያነበበው እንዲወጣ ፈለገ። በሕይወቱ ለራሱ ሲመኝ ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ለመግቢያው ያቀረበው የብረት አትሮኖስ ነበር። እግሮቹ እንደ መቀስ ተላልፈው የሚታጠፉ፣ መጽሐፉ የሚያርፍበት ጠርዝ እንደ ቅጠል የሳሳ። በመጀመሪያ የሠራው ለቤተ ክርስቲያናችን ነው። ኮሚቴው በምስጋና ተቀበለውና ብረት ለመጽሐፍ ይቀዘቅዛል ብሎ ታጣፊ ወንበሮች ከሚቀመጡበት ክፍል ከተተው። ከዓመት በኋላ ሄዶ መልሶ ወሰደው። መጥፋቱን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ግንበኛው ግን ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ፤ አትሮኖሱም በላይኛው ፎቅ በመስኮቱ በኩል ቆመ።

አባል ከሆነ በኋላ የመጻሕፍቱን ክፍል ለቅዳሜ ትምህርት ለመነ፤ ሰጡት። እኔ ፊደል አስተምራለሁ። ልጆቹ ከኦሮራም ከእንግልውድም ይመጣሉ፤ ማንበብ የቻለ ልጅ አትሮኖሱ ጋ ቆሞ ያነባል። ወላጆች ክፍሉን ማን እንዳስገኘላቸው አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። የእድራችን ሰብሳቢ እንዲያውም ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣበት ይዞት ወጥቶ፣ ይሄ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ነው ይል ነበር። ባለቤቴ ጥግ ቆሞ ይሰማል። ቤት ስንገባ «የእኛ ነው አለ አይደል? ይሁን» ይላል። እኔ ይሁን አልልም ነበር።

እነሱዎቹን ደግሞ ልንገራችሁ። ቤቱን የያዙት ሽማግሌ ባለሙያዎች አንድ በአንድ አለቁ። ልጆቻቸው መዶሻና መሮ አልነኩም። ቤቱ ባዶ እንዳይቀር ተብሎ «የማኅበሩ ወዳጆች» የሚባሉ ሰዎች እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ወዳጆቹ ገቡና ቤቱን ያዙት። ባለቤቴ በሞተበት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነበር። ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኛ በእጃችን የምንኖር ሰዎች» ይላል። የድንጋዩ ገንዳ ውስጥ በማሰሮ የተተከለ አበባ አስቀመጡበት። ባለቤቴ ከግቢው ሲመጣ ማሰሮውን አንስቶ መሬት ያስቀምጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ማሰሮውን መልሶ ይወጣል። አንድ ቀን ፕሬዚዳንቱ ጠርቶ፣ በጣም በትሕትና፣ ከኋላ ሽንት ቤት አለ፣ እዚያ ብትታጠብ ይሻላል፣ አበባው ይጎዳል አለው። ገንዳው ለምን እንደተተከለ የሚያስረዳ ጽሑፍ እዚያው ከበላዩ በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የጻፈው ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው።

ባለቤቴ የሞተው በክረምት ነው። ከሥራ መጥቶ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ሞተሩ እንደበራ ነበር፤ ሬዲዮ የሚያዳምጥ መስሎኝ በመስኮት እያየሁት እራት አቀራረብኩ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

በእኛ ወግ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የሚጽፈውም የሚያነበውም የእድሩ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ጥሩ መሆኑንም ራሱ ያውቃል። ለቅሶ ቤት መጥቶ የት ተወለደ፣ ምን ሠራ እያለ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጻፈ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማይክሮፎን ሲያነብ ግን «በኢንጂነሪንግ ሙያ አገራቸውንና ስደተኛውን ወገናቸውን ያገለገሉ» አለ። ኢንጂነር እከሌ እያለ ቀጠለ። ባለቤቴ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ማዕረግ ተሰጠው። ልነሳ ስል ሴቶቹ ሐዘን የጣለኝ መስሏቸው ሁለት ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ለቀብሩ በእንግሊዝኛ ታትሞ በታደለው ወረቀትም ላይ እንደዚያው ተጽፏል፤ ፎቶው አንድ ቀን ብቻ በለበሰው ሱፍ ነው። ስንወጣ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ «ኢንጂነር መሆናቸውን እኮ አላውቅም ነበር፤ እንዴት ያሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ» አለችኝ። ይህቺ ሴት የበሯን ማጠፊያ ሦስቴ ያሠራችው ናት።

ፕሬዚዳንቱም ቀብሩ ላይ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በጸደይ መዶሻውን ይዤ ሄድኩ። ፕሬዚዳንቱ በጣም አክብሮ ላይኛው ፎቅ ወሰደኝ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ከዚያ ያንን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ባለቤቴን በጣም ይወደው እንደነበር፣ ግን ኢንጂነር መሆኑን ከዚህ ገና መረዳታቸውን፣ የመሥራቾቹ ደንብ ደግሞ ግልጽ መሆኑን ነገረኝ። ለመሥራቾቹ ታማኝ መሆን አለብን አለ። ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ባለቤቴ ቀጥቃጭ ነው አልኩት። የቤተሰብን ቃል እናከብራለን፣ ነገር ግን የታተመ ነገር አለ አለኝ። በጣቴ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን አትሮኖስ አሳየሁት። ኢንጂነር ነድፎት ሌላ ሰው ሠርቶት ሊሆን ይችላል አለ። ባለቤቴን ያስገባው ግንበኛ ሊመሰክር አይችልም፤ እንግልውድ የአረጋውያን ቤት ነው ያለው፣ የወለዳቸውንም ረስቷል።

አቀርቅሬ የፕሬዚዳንቱን እጆች አየሁ። ንጹሕ ናቸው። እሱም ማቀርቀሬን እንደ ሐዘን ቆጠረውና መፍትሔ አመጣልኝ። ያንን ታሪክ የጻፈው ሰው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ቢያርም ይበቃል። ካልሆነ አባልነቱ በስህተት የተሰጠ ነው፤ መዶሻው አይሰቀልም፣ አትሮኖሱም ይመለስልሻል አለኝ። መዶሻውን ይዤ ወረድኩ።

ልጄ እንግልውድ ሆስፒታል ነርስ ናት። ማታ ስነግራት ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ማሚ፣ ሌት ኢት ጎ» አለችኝ። «ኢንጂነር ቢባል ምን ይጎዳዋል? ኢትስ ናት ኤ ባድ ቲንግ።»

ወደ ሰብሳቢው መሄድ እንዳለብኝ ግን አወቅሁ።

የሰብሳቢው ቢሮ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ በአንድ የገበያ አዳራሽና በፀጉር ቤት መካከል ነው። የሰው ታክስ ይሠራል። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አንቱ እለዋለሁ፤ ውስጤ ግን አንተ ነው የሚለው። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ውኃ አቀረበልኝ።

«ጋሼ፣ የጻፉትን ማረም አለብዎት።»

«የቱን፣ እህቴ?»

«ኢንጂነር ያሉትን።»

«እሱንማ ለክብሩ ብዬ ነው።»

«ማን ክብር አጎደለበት?»

ትዕግሥተኛ ፈገግታ ፈገግ አለ። ሐዘን ላይ ስለሆንኩ እንደሚረዳኝ፣ ሞተው የተቀበሩ ሰዎችን ሁሉ ከፍ አድርጎ እንደሚያነብላቸው፣ አንድም ቤተሰብ እስካሁን ቅር ብሎት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሾፌሩን የትራንስፖርት ባለሙያ፣ ዘበኛውን የደህንነት ኃላፊ ያለው እሱ ነው፤ ይህንንም በኩራት ነው የሚያወራው። በእሱ እጅ ያልተሾመ ሙት የለንም። ቀጥሎ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደግሞም አስቢው እንጂ። ልጅሽ ገና አላገባችም።»

ይህን ያለው ለእኔ አስቦ ነው። በጣም የናቅሁት ለዚህ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መዶሻው ካልተሰቀለ ባለቤቴ ከአባልነት እንደሚሰረዝ፣ የቅዳሜው ክፍል ደግሞ በእሱ አባልነት የተገኘ መሆኑን ነገርኩት። እዚህ ላይ ፈገግታው ጠፋ።

«ቤተ መጻሕፍታችንን ሊወስዱብን?»

«ቤተ መጻሕፍቱን» አልኩት።

እመጣለሁ አለ። ለባለቤቴ ያልመጣው ሰው እንግዳ ለሚያስጎበኝበት ክፍል መጣ።

ያን ቀን ማታ ስለ ጋብቻዋ የተባለውን ለልጄ ነገርኳት። ሶፋው ላይ ወድቃ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እኔ ሳልሰማ ሽማግሌ ተልኮ ነበር እንዴ?» አለች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። ልጅ ሳለች የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ልደታቸው ላይ ለምን አይጠሯትም እንደነበር ጠየቀችኝ። ለዚህ ነበር ወይ አለች። አባቷ እንዳይነገራት ስለፈለገ ነግረናት አናውቅም ነበር። አዎ አልኳት። ወደ ክፍሏ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩን ከፈት አድርጋ «ሚቲንጉ መቼ ነው? ኦፍ እወስዳለሁ» አለችኝ።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርታችን ቀጥሎ ነበር። ወላጆቹ ክፍሉ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ሁሉም ሳይሄዱ ቆዩ። ባለቤቴ በነበረበት ጊዜ አንዳቸውም ለስብሰባ ቆይተው አያውቁም። ልጆቹ ከኋላ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፕሬዚዳንቱ ስለ መሥራቾቹ ረጅም ንግግር አደረገ፤ እጁ ደረቱ ላይ ነበር። መዶሻውን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ልጄ አጠገቤ ነች።

ሰብሳቢው ክራቫት አድርጎ ተነሳ። የሚንተባተብ መስሎኝ ነበር፤ ስጠብቀው የከረምኩትም እሱን ነው። አልተንተባተበም። በእንግሊዝኛ «ሂ ዋዝ ኤ ብላክስሚዝ» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። በትርጉም ላይ ስህተት ተፈጥሮ ነው፣ ወንድማችን በመዶሻና በእሳት የሚሠራ ታላቅ የእጅ ባለሙያ ነበር ብሎ ቀልድ እንኳን ጨመረበት። አሜሪካኖቹ ሳቁ። የእኛም ሰዎች እፎይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ አባት አጨበጨበ። እኔ ብቻ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ንጹሕ ነው፤ ማንንም አይበላም፣ ልጅ አያስደብቅም፣ የሚያገባ አያሳጣም። በዚያ ቋንቋ መናገር ምንም አላስከፈለውም። ፕሬዚዳንቱ ስህተቱ በመታረሙ መደሰቱን ተናገረ፣ እጅ አወጡ፣ አለቀ።

አለቀ ብዬ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን ደግ መሆን አማረው። በደረጃው የእናንተ ልጆችም ስለሚወጡ ከእንግሊዝኛው ሥር በእናንተ ፊደል ቢጻፍ ደስ ይለናል አለና እስክሪብቶና ወረቀት ለሰብሳቢው አቀበለው። ጽሑፉን የሚቀርጸው ሰው ከዚያ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ሰው አንድ መልካም ነገር መጻፍ ካለብኝ ይህ ነው፤ የሚያደርገውን ሳያውቅ ነው ያደረገው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ በለሆሳስ፣ «‹የብረት ጥበብ ባለሙያ› ልበለው፤ ያምራል» አለኝ።

«ቀጥቃጭ ነው የሚባለው፣ ጋሼ። እሱን ይጻፉ።»

ወላጆቹ አንገታቸውን ደፉ። አሜሪካኖቹ ምን እንደተባለ ሳያውቁ ወደ እነሱ ዞሩ። አንዲት እናት ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች።

«እህቴ» አለ ሰብሳቢው፣ «ልጆች እኮ አሉ።»

ባለጌ ቃል የተናገርኩ ያህል ነው ያለው።

«የሚጻፈው ለእነሱ ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን ጥቂት ይዞት ቆየና ክዳኑን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጄ አይጽፈውም አለ። ተነስቼ ወረቀቱን ወሰድኩ፣ ልጆች ፊደል እንደማስቆጥርበት አድርጌ በትልቁ ጻፍኩት። ከዚያ ፊቱ አኖርኩት።

«ያንብቡልን እንግዲህ። በማይክሮፎን ስንት ገጽ አንብበው የለ? ይህቺን አንዲት ቃል ያንብቡ።»

መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁ አለ። መነጽሩ ከኮቱ የደረት ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። ሁሉም ያየዋል። እኔ ግን ኪሱን አላሳየሁትም፤ ሰው ራሱን ሲያዋርድ መሐል መግባት አልወድም።

ያነበበችው ልጄ ናት። አማርኛ ማንበብ አስተምሬያታለሁ፣ ግን አትወደውም፤ እንደ ሕፃን ነው የምታነበው። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች፣ ያ የአሜሪካ ምላሷ «ጭ» የሚለውን ፊደል እየወለጋገደባት፣ ጮክ ብላ «ቀ፣ ጥ፣ ቃ፣ ጭ» አለች። ከዚያ አንድ ላይ አለችው። ወደ እኔ ዞራ ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ልክ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አላስታውስም። መዶሻውን ለመስጠት ስነሳ እጄ ከእጀታው አልላቀቅ ብሎኝ ነበር፤ ልጄ ጣቶቼን አስለቀቀችኝ።

ወላጆቹ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነሱኝ፤ ልጆቻቸውን ግን መላካቸውን አላቆሙም፣ ትምህርቱ በነፃ ነው። ሰብሳቢው እንግዳ ሲያመጣ አሁንም ደረጃውን ይወጣል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ከወዲያኛው ግድግዳ ያለውን የመሥራቾቹን ፎቶግራፍ ያሳያቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ገንዳው ውስጥ ሌላ አበባ በማሰሮ አስቀምጧል። እኔ ቅዳሜ ስገባ ማሰሮውን አንስቼ መሬት አስቀምጣለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ አልመልሰውም። በሳምንቱ ስመጣ ተመልሶ ይቆየኛል።

መዶሻው ከደረጃው መካከል ላይ ነው፣ በአንድ አናጺ መላጊያና በአንድ ቆርቆሮ ሠሪ መቀስ መካከል። ከሥሩ በእንግሊዝኛም በእኛም ተጽፏል። ለትምህርት ቀደም ብዬ እመጣና ከታች፣ ከገንዳው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ልጆቹ ሲወጡ መስማት እፈልጋለሁ። ፊደል የጀመሩት እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። ይቆጥሩታል። ሁሉም የሚሳሳቱት ጭ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትሳሳት አነበበችው። አብራት የነበረችው እናቷ እጇን ጎተት አደረገቻት። ልጅቷ አልንቀሳቀስም ብላ በእንግሊዝኛ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። እናትየዋ ወደ ታች አላየችም፤ እዚያ መሆኔን አላወቀችም።

«ኢንጂነር ማለት ነው» አለቻት። «ነይ፣ ቶሎ ውጪ።»

ከተቀመጥኩበት አረምኳት።